ተጨማሪ መረጃ፦ «ዕውቅና ያለው ኮሌጅ» ሲባል

ሕግ ግለሰቦችን ብቻ ሳይሆን ተቋማትንም እንደሚገዛ በዚህ ምዕራፍ አይታችኋል። በኢትዮጵያ አንድ የግል ኮሌጅ ሕንፃ ተከራይቶ መምህራን ስለቀጠረ ብቻ ተማሪ መመዝገብ አይችልም፤ አስቀድሞ የዕውቅና ፈቃድ ማግኘት አለበት። የዕውቅና ፈቃድ ማለት የኮሌጁ መምህራን፣ ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍትና ሥርዓተ ትምህርት ተገምግመው መስፈርቱን እንዳሟሉ የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ዘርፉን የሚመራው ዋናው ሕግ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው ለአንድ የትምህርት መስክ፣ ለአንድ ካምፓስና ለአንድ የትምህርት አሰጣጥ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አካውንቲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ በዚያው ወረቀት ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት አይችልም፤ ነርሲንግ መጨመርም ሆነ አካውንቲንጉን በርቀት መስጠት አይፈቀድለትም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብም ስላለው ሲያልቅ መታደስ አለበት። ደንቡን የሚጥሰው ተቋሙ ነው፤ ዲግሪው ተቀባይነት ሲያጣ ግን ዳፋው ለተመራቂው ይተርፋል። ፍትሐዊ አይመስልም፤ ሆኖም የሚያጋጥም ነገር ነው።

ሞክሩት፦ በአካባቢያችሁ የተሰቀለ የኮሌጅ ማስታወቂያ ፈልጋችሁ አንብቡ። «ዕውቅና ያለው» የሚለው የትኛውን የትምህርት መስክ፣ የትኛውን ካምፓስ ነው? መደበኛውን ነው ወይስ የርቀቱን? ማስታወቂያው ካልገለጸ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጅስትራሩ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።