ትንሹ ስዊች ምን ያህል ይችላል?

በቤት ውስጥ ለሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ስዊች ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የቀዳዳው ልክና ጀርባው ላይ የታተመው የአምፔር ቁጥር ነው። በየሱቁ የሚገኘውን ጥቁሩን ባለ ሁለት እግር ስዊች ገልብጦ ያየ ሰው 6 አምፔር፣ 250 ቮልት የሚል ያነባል። አጠገቡ ያለችውን የሞገድ ምልክት ግን ያልፋታል፤ ለቁጥሩ ትርጉም የምትሰጠው እሷ ሆና ሳለ። ስዊቹ ያን ያህል የሚችለው ለኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው ለሚመላለስ ኮረንት ነው ትላለች። ባትሪና ሶላር የሚሰጡት ደግሞ ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የማይለወጥ ኮረንት ነው።

ስዊች በጣም የሚጎዳው ሲጠፋ ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲላቀቁ በመካከላቸው ብልጭታ ይነሳል፤ ብልጭታው በቆየ ቁጥር ብረቱ ይቃጠላል። ከመስመር የሚመጣው የኤሲ ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ የሚጠፋበት ዕድል ያገኛል። ዲሲ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ለሶላር የተመቸ ነውና፣ በመቂ ወይም በባቱ ለጓሮ ሽንኩርት ውኃ የምትስብ ትንሽ ፓምፕ መሥራት ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ልዩነት መነሻው መሆን አለበት።

12 ቮልት ምን ያህል ጉልበት አለው የሚል ይኖራል። ለአምፖል ከሆነ እውነቱን ነው፤ በዚህ ቮልት ብልጭታው ደካማ ነው። ሞተር ግን ሌላ ነው። 60 ዋት ፓምፕ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ። ሲጠፋ በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የታመቀው ኃይል ቮልቱን ሽቅብ ይወረውረዋል፤ ያን ጊዜ በስዊቹ አፍ ላይ ያለው 12 ቮልት አይደለም። በሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል በግልባጭ የሚገባ አንድ ዳዮድ ይህን ኃይል ይመልሰዋል፤ ዋጋው ከስዊቹ ያነሰ ሆኖ ሳለ ብዙ ሥራ ላይ ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

እንግዲያው ትልቅ ስዊች ገዝቶ መገላገል አይሻልም? ከእኔ የማይስማሙ የሚያነሡት ይህን ነው፤ ለፓምፑ ብቻ ቢሆን ይሠራ ነበር። ይሁንና የመኪና ቁልፍን ልብ ይሏል። ሞተር አስነሺው ከ100 አምፔር በላይ ሲስብ ቁልፉ የሚያሳልፈው የሪሌይን (በኮረንት የሚታዘዝ ስዊች) ትንሽ ኮረንት ብቻ ነው። ትንሹ ስዊች ትእዛዝ ይስጥ፤ ሸክሙን ሪሌይ ወይም ትራንዚስተር ይሸከም። ዕቃው ይበዛል፣ የሚበላሸውም ይጨምራል ቢባል አልክድም፤ ለአንዲት መብራት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለሞተር ግን የተሻለው መንገድ ይኸው ነው፤ ሰው በእጁ የሚነካውም ክፍል ከከባዱ ኮረንት ይርቃል።

ትልቅ ስዊች ሁልጊዜ መልስ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙም አይነገርለትም። የትልልቆቹ መገናኛ ብዙውን ጊዜ የብር ቅይጥ ነው። ብር እያደር ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይይዛል፤ አምፔሮች ሲያልፉ ሽፋኑን ያቃጥሉታል። አርዱዊኖ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ በ5 ቮልትና በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስዊቹን በርቷል ወይስ ጠፍቷል ብሎ ሲጠይቀው ግን የሚያልፈው ግማሽ ሚሊ አምፔር ብቻ ነው፤ ሽፋኑን ሳይበሳው ይቀራል። ለዚህ ሥራ የወርቅ ቅብ መገናኛ ያለው ትንሽ ቁልፍ ከባለ 10 አምፔሩ ትልቅ ስዊች ይሻላል። በበጋ ነፋስ አቧራ በሚያነሣበት በአዳማና በባቱ መስመር ደግሞ ጎማ የለበሰው፣ የታሸገው ይመረጣል። የወርቅ ቅቡ ካልተገኘ 10 ኪሎ ኦሙን በ1 ኪሎ ኦም መተካት ኮረንቱን ወደ 5 ሚሊ አምፔር ያሳድገዋል። ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ስዊችም አይናቅም፤ ቴስተሩን በኦም አድርጎ 20 ጊዜ ማብራትና ማጥፋት፣ ንባቡ ከዜሮ ከራቀ ወይም ከዘለለ መተው ነው።