የዊስኪው ጢስ ከየት ገባ?

ላፍሮይግ የተባለውን ዊስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተተ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድ አይፈረድበትም። አዮዲንና የቁስል ፋሻ፣ የባሕር አረምና የእሳት አመድ በአንድ ብርጭቆ ይሸታሉ። ዊስኪው ላይ ጢስ የሚጨምርበት ግን የለም። የሚታጠነው ገብሱ ነው።

ላፍሮይግ የሚወጣው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ካለችው የአይላ ደሴት ነው። ደሴቲቱ ዛፍ ብርቋ ነው፤ ረግረግ ግን ሞልቷታል። እዚያ ሣሩና ቅጠሉ አየር አጥሮት በቅጡ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ተደራርቦ ኖሯል። ይህን ጥቁር አፈር ፒት ይሉታል፤ ቆርጠው፣ አድርቀው ያነዱታል። ብቅሉ ገና እርጥብ ሳለ ጢሱን ከሥር ይለቁበታል፤ ጢሱ የተሸከማቸው ፌኖል የሚባሉ ውህዶችም ገብሱ ላይ ይጣበቃሉ። ጋኑን በወይራ አጥነን ጠላው ጢስ ጢስ እንዲል እንደምናደርገው መሆኑ ነው፤ እነሱ ዕቃውን ትተው እህሉን ያጥናሉ።

ከዚያ ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእርሾ ይብላላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይነጠራል። ከፌኖሉ ብዙው በዚሁ መንገድ ላይ ይቀራል። አርድቤግ ስለተባለው ሌላ ጢሳም ዊስኪ ሲወራ የሚጠራው «በሚሊዮን 55» የብቅሉ የፌኖል ልክ እንጂ የጠርሙሱ አይደለም። ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛት ለእኔ ከንቱ ነው።

በሕጉ መሠረት ዊስኪው እዚያው ስኮትላንድ፣ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። ጠርሙሱ ላይ 16 ከተጻፈ፣ ከተቀላቀሉት ሁሉ የመጨረሻው ወጣት 16 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ዓመታቱ በጨመሩ ቁጥር ጢሱ እየለዘበ፣ ከእንጨቱ የሚመጣው የቫኒላ ጣዕም እየጎላ ይሄዳል። ስለዚህ ጢስ ፍለጋ ለ25 ዓመቱ ጠርሙስ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይቅርበት፤ 10 ዓመቱ ይበልጥ ይጤስለታል።

ለመቅመስ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል። በረዶ አይግባበት፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል። አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት አልኮሉን ብቻ መሳብ ነው፤ ራቅ አድርገው፣ አፍዎን ትንሽ ከፍተው ያሽትቱ። ጥቂት ተጎንጭተው ምላስዎ ላይ ያቆዩት፤ ከዋጡ በኋላም አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ይተንፍሱ። አመዱ ደህና አድርጎ የሚመጣው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውኃ። «ውኃ ያበላሸዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አይስሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ የጢሱን ጣዕም የሚሰጠው ጓያኮል አልኮሉ ሲበዛ ፈሳሹ ውስጥ ይዋጣል፤ ሲቀጥን ግን ወደ ላይኛው ገጽ፣ ማለትም ወደ አፍንጫችን ይቀርባል። አንዳንዱ ዊስኪ ውኃ ሲነካው ይደፈርሳል። ሳይቀዘቅዝ ተጣርቶ የታሸገ ስለሆነ ቅባት መሰል ነገሮቹ አብረውት ቀርተዋል እንጂ አልተበላሸም፤ ይጠጡት።