የወንጪና የወለንጪቲ ታብሌቶች፦ በእጅ በሚያዝ የሊኑክስ መሣሪያ ላይ ሶፍትዌር መነካካት

ሶፍትዌር መነካካት የሚባለው ልማድ፣ አንድ ሰው ለደመወዝ ወይም ለፈተና ሳይሆን የማወቅ ጉጉት ገፋፍቶት፣ አንድ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን አሠራር እየመረመረ የሚለውጥበትና ያልታሰበለትን ሥራ የሚያሠራበት ነው። ልማዱ በተለይ የጸናው በሊኑክስ ላይ በሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ዙሪያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከታዩት ምሳሌዎች መካከል በዓለም ላይ ብዙ የተወራለት እ.ኤ.አ. በ2012 በሁለት የኦሮሚያ መንደሮች የተካሄደው የታብሌት ሙከራ ነው። ሙከራው ምን እንዳሳየና ምን እንዳላሳየ ለመለየት ግን አስቀድሞ የመሣሪያውን ውስጣዊ አደረጃጀት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሊኑክስ ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል ነው፤ ከርነል ማለትም ማንኛውም ፕሮግራም የመሣሪያውን ማህደረ ትውስታ፣ ስክሪን፣ ካሜራና ባትሪ ሲጠቀም በመካከል ቆሞ የሚፈቅደውና የሚከለክለው የሥርዓቱ እምብርት ነው። የከርነሉ የኮድ ጽሑፍ ማንም እንዲያነበውና እንዲለውጠው በሚፈቅድ ፈቃድ የተለቀቀ በመሆኑ፣ ስልክና ታብሌት ሠሪዎች እንደየፍላጎታቸው አስተካክለው ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በመጀመሪያው ስልክ ላይ ለገበያ የቀረበው አንድሮይድም በዚሁ ከርነል ላይ የተገነባ ስለሆነ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ስማርት ስልክ ባለቤቱ ቢያውቀውም ባያውቀውም በእጅ የሚያዝ የሊኑክስ መሣሪያ ነው።

ሙከራውን ያቀደው ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓላማ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነውና የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ መሥራች በሆኑት በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተመራው ድርጅት ሲሆን፣ የሚዲያ ላብ፣ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲና የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ተሳትፈውበታል። የተመረጡት ቦታዎች በእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ላይ የምትገኘው ደጋማዋ ወንጪና በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለችው የወለንጪቲ አካባቢ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዳቸው ሃያ ያህል፣ ለአንደኛ ክፍል የደረሱ ነገር ግን ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባለው ታብሌት ተሰጣቸው። ታብሌቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ የወጣ፣ ባለ 10.1 ኢንች ስክሪንና ባለ ሁለት ካሜራ መሣሪያ ነበር፤ በውስጡም የእንግሊዝኛ ፊደል ጨዋታዎች፣ መጻሕፍት፣ ፊልሞችና የሥዕል ፕሮግራም ተጭነውበታል። ኤሌክትሪክ ስላልነበረ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሙያ ተተክሎ ለአዋቂዎች አጠቃቀሙ ሲገለጽ፣ ለልጆቹ ግን መምህርም መመሪያም አልተመደበላቸውም። ልጆቹ በታብሌቱ የሠሩትን ለማወቅ አንድ ቴክኒሻን በየሳምንቱ እየሄደ የሚሞሪ ካርዶቹን ይቀይር፣ ተመራማሪዎቹም ካርዶቹ ላይ የተመዘገበውን ይመረምሩ ነበር።

ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ባቀረቡት ዘገባ መሠረት፣ የታሸገው ካርቶን በተሰጠ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቷል፤ በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 ፕሮግራሞችን ይጠቀም ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ተጀምሯል። እንደተዘገበው ደግሞ፣ አንድ ልጅ የሥዕል ፕሮግራሙን ከፍቶ አንበሳ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፏል። ከሁሉም በላይ የተወራው ግን በአምስት ወር ውስጥ የሆነው ነው፤ የታብሌቱ መነሻ ገጽ አቀማመጥ እንዳይለወጥ የሚከለክል ሶፍትዌር ተጭኖ ሳለ ልጆቹ ክልከላውን አልፈው የየራሳቸውን ታብሌት በየራሳቸው መልክ አስተካከሉ፤ በስሕተት እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውንም ካሜራ አስነሡት። ኔግሮፖንቴ ይህን አንድሮይድን ሀክ ማድረግ ብለው ስለጠሩት ወሬው በዚያው ስም ዓለምን ዞረ።

ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ የሚገኙት መቆለፊያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከላይ ያለው እርከን ላውንቸር የሚባለው፣ የፕሮግራም ምልክቶችን የሚደረድረው ገጽና የቅንብር ዝርዝሩ ሲሆን፣ እነዚህን ለመለወጥ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሳይሰለቹ መሞከርና አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት ማስተዋል ይበቃል። ከእርሱ በታች ሩት የሚባለው፣ በሥርዓቱ ፋይሎች ሁሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው እርከን ይገኛል፤ ከሁሉም በታች ያለው ቡትሎደር ደግሞ መሣሪያው ሲበራ የትኛው ከርነል እንደሚነሣ የሚወስን ሲሆን፣ ዙም ባለቤቱ ይህን እንዲከፍት ከሚፈቅዱት ታብሌቶች አንዱ ነበር። ስለ ወንጪና ወለንጪቲ ልጆች የተዘገበው የገጽና የካሜራ ለውጥ እንጂ የከርነል ቅየራ ወይም የፕሮግራም ጽሕፈት አይደለም። ስለዚህ ሥራቸው በሙያው ትርጉም ከሀኪንግ ይልቅ ለመነካካት ይቀርባል። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ፕሮግራም አዋቂዎች ሙያቸውን የጀመሩት አትንኩ የተባሉትን ነክተው የሚሆነውን በማየት ነውና።

የሙከራው ውጤት ሲመዘን ሌሎች ነጥቦችም መታሰብ አለባቸው። አርባ ያህል ሕፃናት ለሰፊ መደምደሚያ ጥቂት ናቸው፤ ፊደል መለየትና መዝሙር መዘመርም ጽሑፍን አንብቦ ከመረዳት እጅግ ይርቃል። የቋንቋ ምርጫውም ጥያቄ ያስነሣል፤ አፋን ኦሮሞ በሚነገርበት አካባቢ የቀረበው ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለነበረ፣ ምንም እንኳ አፋን ኦሮሞ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ ልጆቹ የለዩት የፊደል ቅርጽ ኋላ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሊጠቅማቸው ቢችልም፣ የሰሙት ቃል ከቤታቸው ቋንቋ ጋር አይገናኝም ነበር።

ይኸው ድርጅት ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ኤክስኦ የተባለው አረንጓዴና ነጭ ትንሽ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። እርሱም በሊኑክስ የሚሠራ፣ 256 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታና 1 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ ሹገር የተባለው የሕፃናት ገጽ ፕሮግራሞች በአብዛኛው በፓይተን ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ። በቁልፍ ገበታው ላይም የተከፈተውን ፕሮግራም ኮድ ለማሳየት የታሰበ ልዩ ቁልፍ ነበረበት። ኤክስኦ ወደ ኮዱ የሚያስገባ በር ነበረው፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቶች ሲሰራጭ ልጆቹ በክፍል ውስጥ ይጫወቱበታል በሚል ከአንዳንድ መምህራን ተቃውሞ ገጥሞታል። የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች በአንጻሩ እንደልብ የሚነካኩበት ጊዜ ነበራቸው፤ መሣሪያቸው ግን ወደ ኮዱ የሚመራ ቁልፍ አልነበረውም። እንዲያውም በታብሌቱ የነበረውን የአንድሮይድ 3 ትውልድ የኮድ ጽሑፍ ጉግል ለሕዝብ ሳይለቅ ቆይቶ፣ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ከተከታዩ ትውልድ ጋር ነው። ከሁለቱ ሙከራዎች መገመት የሚቻለው፣ ነፃ ጊዜና ክፍት ኮድ በአንድ ላይ ካልተገኙ መነካካት ወደ ሙያ ማደግ እንደሚከብደው ነው።

ዛሬ ሁለቱን ማገናኘት ከዚያን ጊዜ ይልቅ ቀላል ነው። በየከተማው ያሉ የሞባይል ጠጋኞች ስልክ ፍላሽ ሲያደርጉ፣ ማለትም የተበላሸውን የሥርዓት ሶፍትዌር አጥፍተው እንደገና ሲጭኑ፣ ወደ ታችኛዎቹ እርከኖች በየቀኑ ይደርሳሉ። ተርመክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ በአንድሮይድ ስልክ ላይ፣ ሩት ማድረግ ሳያስፈልግ፣ የሊኑክስ ትእዛዞችን ለመጻፍና የፓይተን ፕሮግራም ለማስኬድ ያስችላል። በየትኛውም የወረዳ ከተማ የሚኖር ወላጅ ወይም መምህር፣ ስልክ መጎርጎር የሚወድ ልጅ ካለው፣ ከመቆጣት ይልቅ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ስልክ ፈልጎ፣ ሲም ካርዱን አውጥቶ፣ የነበረበትን መረጃ አጥፍቶ ቢሰጠውና ቀጥሎም ኮድ ከሚያነብ ሰው ጋር ቢያገናኘው፣ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ከደረሱበት እርከን አልፎ እንዲሄድ መንገድ ይከፍትለታል።