ትንሿ ወረቀት መለማመጃ አይደለችም

መስከረም በጠባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «መምህር፣ ዘንድሮስ ሥዕል ልጀምር ቆርጫለሁ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ቀጥሎ የሚጠየቀውን አውቀዋለሁ፦ «ሸራው ስንት በስንት ይሁን?» ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይዛችሁ ኑ ስላቸው አብዛኞቹ ቅር ይላቸዋል። ሸራ ያልገዛ ሰው የጀመረ አይመስለውም። ጥቅምት ሲጋመስ ክፍሉ ይሳሳል፤ ኅዳር ላይ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት መካከል ከባንክ በጡረታ የተገለሉ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሸራ አስወጥረው የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከፎቶግራፍ እያዩ ለመሥራት ተነሡ። ሥራው አልሄደላቸውም፤ አንዱን ጥግ እየደጋገሙ ይቀቡታል፣ ይፍቁታል። አንድ ቀን መነጽራቸውን ከቦርሳ ሲያወጡ አብራ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወደቀች። የባንክ ቅጽ ጀርባ ናት። ከመቀነቷ ጫፍ ብር የምትፈታ አሮጊት በእስክሪብቶ ተሥላለች፤ ከኋላዋ ጥላውን ተደግፎ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። የአሮጊቷ ጣቶች ቋጠሮው ላይ ሲታገሉ ይታያል። እንዲህ ያለ እጅ ከተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አላይም።

«ሌላስ አለ?» አልኳቸው።

«ሞልቷል፤ ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። መስኮት ላይ ስቀመጥ እጄ ዝም አይልም ነበር።»

«እስቲ ያምጡልኝ።»

«ኧረ መምህር፣ እሱማ የእጅ ልማድ ነው፤ ምኑ ሥዕል ይባላል!»

ኅዳር 12 ካለፈ በኋላ ደግሜ ስጠይቃቸው፣ ቤት ሲያጸዱ ካርቶኑን ከቆሻሻው ጋር አውጥተው ኅዳር ሲታጠን እንዳቃጠሉት ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ቅንጣት አልከፋቸውም። ሸራው ግን ሳሎናቸው ግድግዳ ተደግፎ በክብር ተቀምጧል። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የእሳቸው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ግን በየዓመቱ የማገኘው አመለካከት ነው። ሰዉ ሥዕልን በሜትር ይለካል። ትንሽ ወረቀት ላይ የተሠራው ረቂቅ ነው፣ መለማመጃ ነው፣ ለትልቁ ማሟሟቂያ ነው። ትልቁ ደግሞ አይመጣም፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ብር ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ድፍረት ይፈልጋል። እናም ሰውየው ትልቁን ሳይሠራ፣ ትንሹንም እንደናቀ፣ ዓመቱ ያልቅበታል። በሚቀጥለው መስከረም ደግሞ ይደውላል።

ይህ ንቀት ከአገራችን የሥዕል ታሪክ የተወረሰ አይደለም። አድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያርፋል። ሥዕሎቻቸው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ያሉ፣ አንባቢ ከፊቱ ዘርግቶ በቅርብ የሚያያቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዘመን የሠዓሊ እጅ ያረፈው በብራና ገጽ ላይ፣ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ተከፋች የእንጨት ሥዕል ላይ፣ በባለቤቱ ቁመት ተለክቶ በሚጠቀለል ክታብ ላይ ነው። ግድግዳም ነበር እንጂ፤ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ይህን አይክድም። ግን ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩት፤ በመደዳ በመደዳ የተሣሉ የመላእክት ፊቶች ናቸው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአንድ ጨርቅ ላይ ሲሣልም በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍሎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 44 ሣጥን ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ሠዓሊው ግን የሠራው ትንሽ በትንሽ ነው።

ወደ ዘመናዊዎቹም ስንመጣ ያው ነው። አፈወርቅ ተክሌ ሲነሡ ሁሉም የአፍሪካ አዳራሹን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ይጠቅስልኛል። እኚሁ ሰው የፖስታ ቴምብርም ይነድፉ ነበር ስል ግን የሚደነቅ የለም፤ «እሱማ ለእንጀራ ነው» የሚል ፊት አያለሁ። ቴምብር ላይ የተበላሸ መስመር መደበቂያ እንደሌለው የሚያስብ ጥቂት ነው። ዘሪሁን የትምጌታ በቀጫጭን የቀርከሃ ፍልጥ ላይ ሥለው ታወቁ። የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ግድግዳ ይሞላሉ፤ የተገነቡት ግን ከተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ ቁርጥራጭ፣ ከቁልፍና ከክር ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ተማሪ የሚያቅተው መጨረስ ነው። መጀመር ያቃተው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ የተጀመረ ሸራማ በየቤቱ አለ። አንድ ሥዕል ካለቀ ሠዓሊው ቢያንስ ሦስት ነገር ወስኗል፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ የት ይቁም። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። አንዲት ጭረት ስታንስ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል፣ አንዲት ስትበዛ ይሞታል፤ ያንን ድንበር መምህር በቃል ሊያስተምር አይችልም። ደጋግሞ በማቆም ብቻ ይታወቃል። በዓመት አንድ ሸራ የሚጀምር ሰው ይህን ውሳኔ በዓመት አንዴም ላያገኘው ይችላል፤ በየቀኑ አንዲት ወረቀት የሚጨርስ ግን በወር ሠላሳ ጊዜ ያገኘዋል። በዓመት አንዴ ትልቅ እንጀራ በመጋገር ጋጋሪ የሆነ የለም።

ጃፓናዊው ኦን ካዋራ ነገሩን ሕግ አድርጎት ነበር። ከጃንዋሪ 4 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕለቱን ቀን በሸራ ላይ ይሥላል፣ ሌላ ምንም የለበትም፤ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ካላለቀ ያጠፋዋል። ወደ 3000 የሚጠጉ ሥራዎች ትቶ አለፈ። እኔ ተማሪዎቼን አጥፉ አልላቸውም። ዛሬ የተጀመረ ዛሬ ይለቅ ነው የምለው፤ ክፉም ቢሆን ይለቅ።

«ትንሽ ስለሆነ ይቀላል» የሚሉኝም አሉ። ይሞክሩት። ሁለት ሴንቲ ሜትር በሆነ ፊት ላይ አፍንጫው በአንድ ጭረት ካልተያዘ ሁለተኛዋ ጭረት ፊቱን ታበላሸዋለች። ሰፊ ሸራ ላይ ያልተሳካውን በቀለም ትሸፍነዋለህ፣ ዓይን የሚስብ ሌላ ነገር ወዲያ ጥግ ትጨምራለህ፤ ትንሿ ወረቀት ላይ መሸሻ የለም። ሁሉም በአንድ እይታ ይታያል። ሬምብራንት በ1630 እ.ኤ.አ. ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ከፍቶ የራሱን ፊት በመዳብ ላይ ሲጭር፣ የሥራው ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የተገረመ ሰው ለማሳየት ከዚያ በላይ አላስፈለገውም። ያንን ሥራ «መለማመጃ» የሚል ሰው ካለ የሚያሳየኝን ትልቅ ሥራ ለማየት ዝግጁ ነኝ።

መተው የሚባለውን ትምህርትም ትንሿ ወረቀት ታስገድዳለች። መርካቶን በመዳፍ ስፋት ልሣል ያለ ሰው ሁሉንም አያስገባም። ሸክሙን የተሸከመውን ሰው ይይዝና ሌላውን ይተዋል፤ ወይም ሰውየውን ትቶ ሸክሙን ብቻ ይይዛል። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ብርሃኑን፣ ጥላውንና በመካከል ያለውን ይለያል፤ ከሦስቱ ሌላ ቦታ የለውም። ይህን ያልለመደ ሰው ሰፊ ሸራ ሲሰጡት ሁሉንም ነገር ያጭቅበታል፤ ከዚያ «ምን ጎደለው?» ብሎ ይጠይቀኛል። የጎደለ የለም፤ የበዛ ነው ያለው።

«ተሰጥኦ የለኝም» ለሚሉኝ ረጅም መልስ የለኝም። ተሰጥኦ ያላቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ የጨረሱት ሥራ ስለሌለ ልንነጋገርበት የምንችለው ነገር የለንም። «ጊዜ የለኝም» የሚሉት ደግሞ ቡና ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጀበናዋን፣ ረከቦቱን፣ የቡና አፍይዋን እጅ መሣል ይቻላል። የታክሲ ሰልፍ አለ፤ የሐኪም ቤት ወንበር አለ። ችግሩ የጊዜ አይደለም፤ «እንዲህ ባለ ሰዓት የተሠራ ነገር ሥዕል አይባልም» ብሎ ማሰብ ነው። ወደዚያው ንቀት ተመለስን።

ሌላም አዲስ በሽታ አለ። ልማዱን ገና በጀመሩ በሳምንቱ በየቀኑ ፎቶ አንሥተው በስልክ የሚለጥፉ ተማሪዎች አሉኝ። መጀመሪያ አድናቆት ይጎርፋል፤ ከዚያ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ እጃቸውም ይቆማል። አሥረኛዋ ወረቀት ከመጀመሪያዋ ብትሻል እንኳ ያጨበጨበላት ስላነሰ የከፋች ይመስላቸዋል። ለራሳቸው ዓይን የሚሠሩት ነገር እንዲኖራቸው ብዬ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ለማንም አታሳዩ እላለሁ፤ አልሰማ ያለኝም ብዙ ነው።

ስለ ልማድ ከተነሣ ከሁላችን የሚሻሉት መስከረም 1 ማለዳ በር የሚያንኳኩት ልጆች ናቸው። ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ቀኑ ቁርጥ ነው፣ ወረቀቱ ትንሽ ነው፣ ብዛቱ በጎረቤት ልክ ነው፤ ማለቅ ስላለበት ያልቃል፣ ካለቀም ከእጅ ይወጣል። የትኛውም የሥዕል ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላወጣም። አሁን አሁን በፎቶ ኮፒ የተባዛ ይዘው የሚመጡት በዝተዋል፤ እኔም በእጅ የተሣለውን እየለየሁ ብር የምጨምር ነገረኛ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

በ1997 እ.ኤ.አ. ቫንቺ ሽቲርኔማን የተባለ የስዊዘርላንድ አርቲስት ዙሪክ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ጀመረ፦ 64 በ89 ሚሊ ሜትር በሆነ ካርድ ላይ መሥራትና መለዋወጥ። መጠኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ ካርዱም በካርድ ይለወጣል እንጂ አይሸጥም። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ደርሷል። የሰፈራችን ልጆች ቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ ብር መቀበላቸው ነው፤ ይገባቸዋልም።

እንግዲህ ለዘንድሮ የምመክረው አጭር ነው። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ሁለቴ እጠፉና ቅደዱት፤ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት ወረቀቶች ይወጡታል። ያ ካስቸገረ፣ መሥሪያ ቤቶች ለአዲስ ዓመት የሚያድሉት አጀንዳ በየቤቱ አለ፤ እስከ ጥቅምት ስብሰባ ይጻፍበትና ቀሪው ባዶ ይቀራል። ቀኑ እንኳ አስቀድሞ ታትሞላችኋል። አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ጥላ ለመጣል ቀለም ካማራችሁ ከስኒ የተረፈ ቡና በብሩሽ ይዛችሁ ቀቡ፤ ጥሩ ቡናማ ይሰጣል። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሣሉ፤ ላሊበላ አይሸሽም። በአንድ መቀመጫ ጨርሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ካርቶን ውስጥ ጣሉት፣ ወዲያው አትገምግሙት። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግሥቱ ሁለት ለመሥራት አትነሡ፤ ዕዳ መክፈል የጀመረ ሰው ቶሎ ይሸሻል።

ግምገማው ለጳጉሜ ይቆይ። ያቺን አምስት ቀን ለምን እንደተሰጠችን እኔ ወስኛለሁ፦ ካርቶኑን ገልብጦ ወረቀቱን ወለል ላይ በቀን ቅደም ተከተል ለመደርደር ነው። አብዛኛው ተራ ይሆናል፤ የእኔም እንደዚያው ነው። ከመካከላቸው ግን እጃችሁ የት ላይ እንደተለወጠ፣ ዓይናችሁ ምን ላይ ደጋግሞ እንዳረፈ ታያላችሁ። ያንን ማንም መምህር፣ እኔን ጨምሮ፣ ሊነግራችሁ አይችልም።

ከዚያ በኋላም ሸራ ካማራችሁ ግዙ፤ ሰፊ ሥራ የሚፈልግ ነገር አለ፣ ያኔ ታውቁታላችሁ። አሁን ግን ስለ ሸራ ስፋት ባትደውሉልኝ ደስ ይለኛል። ሃያ ያለቁ ወረቀቶች ይዛችሁ ኑ፤ ስለ ሥዕል የምንነጋገረው ከዚያ ወዲያ ነው።