በሳውዝ ሲ ዋልካ መሬት ራስ ያላቸውን አበቦች ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ

ከአውሮፓ በሚመጣ የአበባ ራስ ከረጢት ላይ የሚነበበው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ውርጩ ካለፈ በኋላ በኤፕሪል ቢተከል በበጋ ያብባል የሚል ነው። ምክሩ ለተጻፈበት አገር ትክክል ነው። በናይሮቢ ከተማ በሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖር ሰው ግን ይህንኑ ቃል በቃል ቢፈጽም፥ ገንዘብ የከፈለበትን ራስ በመሬት ውስጥ አበስብሶ ይቀራል። ኤፕሪል በናይሮቢ ከወራት ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ የሳውዝ ሲም አፈር ውሃ በቶሎ የማያሳልፍ ጥቁር ዋልካ ነው።

በጋ የሚለውም ስም ራሱ ያሳስታል። የአውሮፓ በጋ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ በናይሮቢ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ በደመና የሚጋረድበት ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አንድ ዲግሪ ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአበባው ራስ የሚያንቀላፋው ስለ ብርድ ሳይሆን ስለ ድርቅ ነው። ራስ ማለትም ተክሉ ክፉውን ጊዜ የሚያሳልፍበት የስንቅ ጎተራ ነው፤ በደረቅ ወራት ይተኛል፥ ዝናብ ሲመጣ ይነቃል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ የሆነው ነጩ ግላዲዮለስ ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር ከሰሜን ኢትዮጵያ የሚልካቸውን ዕፅዋት ያጠና የነበረው ሆክሽቴተር በ1844 (እ.ኤ.አ.) አሲዳንቴራ የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፤ ዛሬ ሊቃውንቱ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ ይሉታል። አበባው ነጭ ሆኖ በመካከሉ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ አለው፤ መዓዛውም ሲመሽ ይበረታል። በትውልድ ቦታው በክረምት ዝናብ ይበቅላል፥ በበጋ ያንቀላፋል። የአውሮፓ ተክል ወዳዶች ግን ውርጭ እንዳይገድለው በየዓመቱ ቆፍረው ያወጡታል። እንግዲህ የናይሮቢ ሰው ይህን ራስ ከሆላንድ በውድ ሲገዛ፥ የጎረቤት አገር ተክል በሩቅ መንገድ ዞሮ እንደ መጣለት አያውቅም።

በሳውዝ ሲ የሚሻለው የመትከያ ጊዜ ጥቅምት ነው። ትንሹ የዝናብ ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚቆይ ራሱ ሥር ይሰድበታል፤ ነጩ ግላዲዮለስም ከተተከለ ከሦስት ወር በኋላ ስለሚያብብ አበባው በጥር ፀሐይ ይፈካል። በመጋቢት የተተከለው ግን በመጀመሪያ ከባዱን ዝናብ፥ ቀጥሎም የሰኔን ደመና ይገጥማል።

ዋናው ችግር አፈሩ ነው። በናይሮቢ በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን ያሉት ሰፈሮች ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር ሲኖራቸው፥ በብሔራዊ ፓርኩና በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው ሜዳ ግን ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲያብጥ ራሱን አየር ነሥቶ ያበሰብሰዋል፥ ሲሰነጠቅም ሥሩን ይበጥሰዋል። ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላት ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ በዙሪያው ያለው ጭቃ ውሃውን ስለማያስወጣው ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። መድኃኒቱ ወደ ታች መቆፈር ሳይሆን ወደ ላይ መከመር ነው። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ስንዴያቸውን ከውሃ ለማዳን አፈሩን በእጃቸው እየከመሩ ሰፊ መደብ እንደሚሠሩና በመካከሉም ቦይ እንደሚያወጡ፥ እንዲሁ ከአንድ ስንዝር የማያንስ መደብ ከፍ አድርጎ፥ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ደረቅ አሸዋ ደባልቆ፥ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ማውጣት ይገባል። ትኩስ ፍግ ራሱን ያቃጥለዋል።

ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ማሰሮ ወይም ባልዲ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። የሰፈሩን ዋልካ በማሰሮ መሙላት አይገባም፤ ቀይ አፈር፥ ብስባሽና አሸዋ ይደባለቅ። ራሱ የሚቀበርበት ጥልቀት የቁመቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው፤ ለግላዲዮለስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ዳሊያን የሚተክል ሰው መደገፊያውን እንጨት አስቀድሞ ይቸክል፤ በኋላ ቢቸክል ሥሩን ይወጋዋል። የቅጠሉ ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ውሃ በጥቂቱ ይበቃል፤ ከታኅሣሥ በኋላ ግን ማሰሮ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል። በዚሁ ደረቅ ጊዜ በግላዲዮለስ ቅጠል ላይ የብር መልክ ያለው ጭረት ቢታይ ትሪፕስ የተባለችው ጥቃቅን ተባይ ገብታለች ማለት ነው፤ እጅግ የተጎዳው ተነቅሎ ይቃጠል።

ልጆች ባሉበት ቤት ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው መርዝ ነው። በኬንያም በኢትዮጵያም በዱር የሚገኘው፥ እንደ እሳት ነበልባል ቀይና ቢጫ የሆነው ግሎሪዮሳ ሥሩ ስኳር ድንች ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ኮልቺሲን የተባለ መርዝ ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ የአበባ ራስና ሥር ከሽንኩርትና ከድንች ጋር በአንድ ዕቃ ቤት ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ስሙም ይጻፍበት። ግሎሪዮሳን የነካ ሰው እጁን ይታጠብ።

አበባው ሲቆረጥ አራት ያህል ቅጠል በተክሉ ላይ ይቅር፤ ለሚመጣው ዓመት ስንቅ የሚያዘጋጀው ቅጠሉ ነውና። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃው ይቁም፤ ራሱም ከባዱ ዝናብ ሳይገባ፥ በመጋቢት መጀመሪያ ይውጣ። የግላዲዮለስ አሮጌው ራስ ከሥር ተኮማትሮ አዲሱ ከላዩ ተቀምጦ ይገኛል፤ አሮጌው ተገንጥሎ ይጣላል፥ በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች ግን ተለይተው ቢተከሉ በሁለት ወቅት ለአበባ ይደርሳሉ። የለሰለሰና ቡናማ ቁስል ያለበት ይቃጠላል፤ በዚያም መደብ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ተክል ይተከላል። ጤነኛው በጥላ ደርቆ፥ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ወይም በቅርጫት፥ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ እስከ ጥቅምት ይቆያል።