ያገለገለ ተሳቢ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የደሴ–ኮምቦልቻ ቁልቁለት ምን ያስተምረናል?

ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ማብሰያና የውሃ ጀሪካን ጭናችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ልትወጡ አስባችኋል እንበል። የፒክአፑ ጀርባ አልበቃም፤ አዲስ ተሳቢ ደግሞ ከኪሳችሁ በላይ ነው። ስለዚህ ያገለገለች ትንሽ ተሳቢ ታፈላልጋላችሁ። ሻጩ ቀለሟን ያሳያችኋል፣ ዋጋዋም ደስ ይላል። ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህች ተሳቢ ሙሉ ጭነት ይዛ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ የሚያቆማት ምንድን ነው?

ቁልቁለቱ ስንት ጉልበት አለው?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። ልዩነቱን በትንሹ 600 ሜትር እንበለው። ተሳቢዋ ከነጭነቷ 800 ኪሎ ግራም ከሆነች፣ ይህን በስበት ፍጥንጥነት (9.8) እና በ600 ሜትር ስናባዛው 4.7 ሚሊዮን ጁል ያህል ይመጣል። 16 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቅ ጉልበት ነው።

ይህ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከፊሉን ጎማውና አየሩ ይወስዱታል። መንገዱ ግን እኩል አያዘቀዝቅም። ገደላማው ክፍል ላይ ስትደርሱ ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት ፍሬንና ሞተር ናቸው። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ሸራው የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ለዚህ ነው ቁልቁለትን ገና ከአናቱ በከባድ ማርሽ መጀመር ያለባችሁ።

ፍሬን ያላት ወይስ የሌላት?

በአውሮፓ ደንብ ፍሬን የሌላት ተሳቢ ከነጭነቷ ከ750 ኪሎ ግራም መብለጥ የለባትም። የኛን ዓይነት ተራራ ለሚወርድ ሰው ይህን እንደ ጣሪያ መያዙ አይከፋም፤ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው። ፍሬን የሌላት ተሳቢ ሸክሟን በሙሉ በመኪናችሁ ፍሬን ላይ ትጥላለች። ብዙ ትናንሽ ተሳቢዎች ያላቸው ፍሬን መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢዋ ወደፊት በመግፋቷ ብቻ የሚሠራ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ስለሚግል ሸራውንና ታምቡሩን አስከፍታችሁ እዩ።

መመለሻውንም አትርሱ። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ቀላል ተሳቢ ሲወርድም ሲወጣም ይጠቅማችኋል። ጭነቱንም አስሉ፦ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻውን 200 ኪሎ ይሆናል።

ቆማችሁ የምትፈትሹት

*ሻንሲ፦* ቀለም ዝገትን ይደብቃል። ከሥር ገብታችሁ የብየዳ መገጣጠሚያዎችንና ባሌስትራው የታሰረበትን ቦታ በባትሪ ተመልከቱ። ስንጥቅ ካለ ተዉት።

*ጎማ፦* ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ አለ፤ የቆመ ተሳቢ ላይ በተለይ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው በባለሙያ ይታይ፤ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ይቀየር።

*ኩሽኔታ፦* በክሪክ አንሥታችሁ ጎማውን አሽከርክሩ፣ ከዚያም ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚያንገራግር ድምፅ ወይም ልቅነት ካለ ወጪ ይጠብቃችኋል።

*መጎተቻ፦* የመኪናው ኳስ 50 ሚሊሜትር፣ የተሳቢዋ መያዣ ደግሞ 2 ኢንች (50.8 ሚሊሜትር) ከሆነ የገጠመ ይመስላል እንጂ ልቅ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ።

*ወረቀት፦* የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ገንዘብ ሳትከፍሉ መመዝገብ መቻሏን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ጭነቱ የት ይቀመጥ?

ከባዱ ዕቃ ከኋላ ከተጫነ ተሳቢዋ እንደ ጅራት መወዛወዝ ትጀምራለች፤ ፍጥነት ሲጨምር ይብስባታል። ውሃውን ታች፣ ከአክስሉ ጥቂት ወደፊት፤ ድንኳንና ፍራሹን ላይና ኋላ አድርጉ። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መጎተቻው ላይ ይረፍ። ለ800 ኪሎ ግራም 80 ኪሎ ማለት ነው፤ በተራ የሰው ሚዛን መለካት ይቻላል። የመኪናችሁ መመሪያ ከዚያ ያነሰ ከፈቀደ ጭነቱን ቀንሱ።

እንግዲህ የተሳቢ ዋጋ ሻጩ የሚጠራው ብር ብቻ አይደለም። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጎማ፣ የኩሽኔታና የሸራ መቀየሪያውን ደምሩና ከተጠየቃችሁት ላይ ቀንሱ። ሻጩ በዚያ ሂሳብ ካልተስማማ ሌላ ፈልጉ። በርካሽ የተገዛች ተሳቢ ዕዳዋን የምታስከፍለው ቁልቁለቱ መሐል ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለመደራደር ጊዜ የለም።