ማገዶ የራቀበት መናገሻ፦ ከእንጦጦ ታሪክ ለሠፈራ ሥራ የሚገኝ ትምህርት

አንድ ከተማ ጸንቶ የሚቆመው በቤቶቹ ብዛት ሳይሆን፣ በዙሪያው ያለው ውሃ፣ እንጨትና የእርሻ መሬት ነዋሪውን መሸከም ሲችል ነው። ለዚህም ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚገኙበት አካባቢ ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቁ፣ በመጀመሪያ ከሰበታ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በወጨጫ ተራራ፣ ቀጥሎም ከሱሉልታ ሜዳ በስተደቡብ በሚገኘው በእንጦጦ ሰፈሩ። እንጦጦ የተመረጠው በወታደራዊ ምክንያት ነበር። ከፍታው 3,000 ሜትር ያህል በመሆኑ ጠላትን ከሩቅ ለማየትና ለመከላከል ያመቻል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ነው።

ይሁን እንጂ ለጦር ሰፈር የሚመች ቦታ ሁሉ ለኑሮ አይመችም። ብርዱ የጸና ነበር፤ ስንቁንም ሽቅብ ማጓጓዝ ግድ ሆነ። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚቆረጠው ጽድም ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል አዲስ አበባ ብለው በሰየሙት በፍል ውሃ አካባቢ ቤት መሠራት በመጀመሩ፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ ቀስ በቀስ ወረዱ። በተራራው ላይ ጎልተው የቀሩት አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው።

የእንጨቱ ችግር ግን ከሕዝቡ ጋር አብሮ ወረደ። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምዕራብ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀመሩ። ሐሳቡ በኋላ ተለወጠ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ፈጥኖ የሚያድገውና ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው።

በዚያው ዘመን በአውስትራሊያም ተመሳሳይ ሁኔታ ታይቷል። በ1885 ዓ.ም. በምዕራቡ ደረቅ ምድር፣ ኩልጋርዲ በተባለ ሥፍራ ወርቅ በመገኘቱ ብዙ ሺህ ሰው ጎረፈ። ውሃ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በወርቁ አገር ያለው ዛፍም ለጉድጓድ ድጋፍና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የውሃ ቧንቧ በ1895 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ፣ በቀላሉ የሚወጣው ወርቅ ተሟጦ የኩልጋርዲ ሰው መበተን ጀምሮ ነበር።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በአገራችን 600,000 ያህል ሰዎች ከድርቅ አካባቢዎች ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ሲወሰዱ ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። ከሩቅ ሲታይ ባዶ የሚመስለው መሬት ለነባሩ ሕዝብ የግጦሽ፣ የማርና የአደን ቦታ ነበር። ለሠፋሪው ቤት፣ ማገዶና እርሻ ሲባል ደኑ በተመነጠረበት ሥፍራ የተጎዳው ነባሩም ሠፋሪውም ነው።

እንግዲህ የሠፈራ ቦታ ከመወሰኑ በፊት ሦስት ነገሮች ሊመረመሩ ይገባል። አንደኛ፣ ውሃው በበጋ ወራት ምን ያህል ሰውና ከብት ያጠጣል? ሁለተኛ፣ ማገዶው ከአሥር ዓመት በኋላ ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ ቦታውን ዛሬ የሚጠቀምበት ማን ነው? ምኒልክ እንጨት ሲያልቅ መናገሻቸውን ማዛወር ይችሉ ነበር። ድርቅ ከቀዬው ያፈናቀለው ገበሬ ግን ሁለተኛ ጊዜ የሚነሣበት አቅም የለውም።